ድንጋይ ከመገፋቱ በፊት

ቅዳሜ፣ የካቲት 9/2005። ማታ 1፡15

ጣቴ አብጧል። የግራ አውራ ጣት። መዶሻው ድንጋዩን ትቶ እኔን መረጠ። ጥፋቱ ግን የመዶሻው አይደለም። የቴሌቪዥኑ ነው።

ምሳ ሰዓት ድንጋይ ከምንፈልጥበት ካባ ወርደን ሻይ ቤት ገባን። እኔ፣ ከድር፣ ኦቦ ዳባ። ከድር የኮብልስቶን ማኅበራችን ሊቀመንበር ነው። አባቱ ገበያው መሃል ሱቅ አላቸው፣ እሱ ሱቅ መቀመጥ ሰለቸኝ ብሎ መጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ኦቦ ዳባ ሽማግሌ ናቸው፣ እኛ ሳንወለድ ካባውን ያውቁታል። ድንጋይ አገላብጠው አይተው የት ጋ እንደሚሰነጠቅ ይናገራሉ። ድንጋዩም ይታዘዛቸዋል።

ቴሌቪዥኑ ሩሲያን ያሳያል። ትናንት ጠዋት ከሰማይ ድንጋይ መጥቶ አናታቸው ላይ ፈንድቷል። ብልጭታ። ነጭ ጭስ። ከዚያ የከተማው መስታወት ርግፍ።

ቀጥሎ ጋዜጠኛው ምን ይላል? ወደፊት እንዲህ ያለ ድንጋይ ሲመጣ መንኮራኩር ልኮ ገፋ አድርጎ አቅጣጫውን የማስቀየር ሐሳብ አለ ይላል። ከድር ጠረጴዛውን መታ። ጎበዞች! አለ። ወዴት ነው የሚገፉት አልኩ። ወደ ፈለጉበት፣ ሰማይ ሰፊ ነው አለ። ካባውም ሰፊ ነው፣ የምንለቀው ድንጋይ ግን ሁሌ የሚያርፈው መንገድ ላይ ነው አልኩት። ሻይ ቤቱ ሳቀ። የከድር ፊት ቲማቲም መሰለ።

ቀልዴን አልነበረም። ክረምት ጎርፍ ሲመጣ ሰፈራችንን አይቻለሁ። ሁሉም በአካፋ ከራሱ በር ያስወጣል። ከታች ያለው ይዋኛል። ከራሱ ጣራ ላይ ድንጋይ የሚገፋ ሰው የማንን ጣራ ያያል? ይኼን እያሰብኩ ተመለስኩ፣ መሮውን ያዝኩ፣ መዶሻውን አነሳሁ፣ ቷ። ጣቴ።

አንተ ደብተር፣ እንዳትስቅ። አንተም እስከ ገጽ 31 ፊዚክስ ነበርክ። ሁለታችንም ከአሥረኛ ክፍል የወጣነው አንድ ቀን ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 11። ከሥራ መልስ

ማን መጣ? ቲቸር ደረጀ! ከዛሬ ጀምሮ ቲ.ደ. ነው የምለው። ሙሉ ስሙን ስጽፍ እስክሪብቶው ወረቀት ይበሳል።

ለማታውቅ ያህል ልንገርህ። ህዳር ላይ የቤት ሥራ ወረቀት ሲመልስ የእኔንና የሃዊን አንድ ላይ አንስቶ ለክፍሉ አሳየ። አንድ ዓይነት መልስ፣ አንድ ዓይነት ስህተት። የሃዊ አባት ሐኪም ነው። የእኔ እናት ጤና ጣቢያ ወለል ታጥባለች። ማን ከማን ኮረጀ? አልጠየቀም። የእኔ ላይ በቀይ ዜሮ። ወረቀቱን ቦጫጭቄ ፕላዝማው ላይ በተንኩት። ፕላዝማው ውስጥ ያለው አስተማሪ ምንም ሳይመስለው ማስተማሩን ቀጠለ። እኔ ወጣሁ። በሩን የዘጋሁበት ድምፅ እስከ ቢሮ ተሰምቷል ይላሉ። ጥሩ።

ዛሬ እሱ ሰውዬ ሞተሩን ከታች አቁሞ በእግሩ ካባ ወጣ። ሄልሜቱን እንደ ሐብሐብ ታቅፎ። ሁሉም መዶሻ ቆመ። ደህና ነሽ ሲፋን አለ። ደህና ነኝ፣ ድንጋይ አይኮርጅም አልኩት። ከድር በሳቅ ሊሞት።

የመጣበትን ተናገረ። የት/ቤቱ ሳይንስ ክበብ የካቲት 30፣ ቅዳሜ በ8 ሰዓት፣ ወጣት ማዕከል ውስጥ ክርክር አለው። ርዕሱ፦ ምድርን ሊመታ የሚችል የሰማይ ድንጋይ አቅጣጫውን ለማስቀየር መሞከር አለብን ወይስ የለብንም? ተማሪው በሙሉ አለብን ይላል አሉ። የለብንም የሚል አንድ ሰው ጠፋ። አንቺ ነሽ ያለሽው አለኝ።

ሻይ ቤት ያልኩትን ማን ነገረው? ከድርን አየሁት። ከድር ሰማይ አየ።

ከዚያ ቲ.ደ. ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ዳግም መመዝገቢያ ቅጽ። ለመስከረም። የክፍል ኃላፊ ፊርማ የሚለው ላይ ፈርሞ ጨርሷል። ባዶ የቀረው የእኔ ነው፦ ስም፣ እና “ያቋረጡበት ምክንያት”። አንድ መስመር።

አልወደድኩትም። ሦስት ወር የት ነበር? ሰው ሳይለመን ፈርሞ ሲመጣ የሆነ ነገር ፈልጎ ነው። ምናልባት አዳራሽ ሙሉ ተማሪ ፊት ትምህርት ያቋረጠች ልጅ ሳይንስን ስትቃወም አሳይቶ፣ አያችሁ፣ ስታቋርጡ እንዲህ ነው የምትሆኑት ሊል። ማስተማሪያ ዕቃ ልሆንለት።

ቅጹን ግን አልመለስኩለትም። አንተ ውስጥ ነው። ገጽ 31 ላይ።

ሐሙስ፣ የካቲት 14። ማታ 12፡40

እማ ቅጹን አገኘች። አንተን ከገብስ ጆንያው ኋላ ደብቄህ ነበር፣ ዛሬ ገብስ ልታስፈጭ አሰበች። ዕድሌ። አንተን አነበበች ወይ? አላነበብኩም አለች። አንብባ ቢሆን ጣቴ እንዴት እንዳበጠ ትጠይቀኝ ነበር? ጠየቀችኝ። እንግዲህ እውነቷን ነው።

ቅጹን ይዛ ጸለየች። ቁጭ ብላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ወረቀቱን ጭኗ ላይ አድርጋ። ስትጨርስ ምክንያት የሚለው ላይ ሕመም በዪ አለችኝ። ጤና ጣቢያ ጠይቄ ማስረጃ አመጣለሁ አለች። ጸሎት ጨርሳ በሁለተኛው ደቂቃ! አልታመምኩም አልኳት። ተናደድኩ ተብሎ አይጻፍም አለች። እሱን ካልጻፍኩ ምንም አልጽፍም አልኩ።

ስለ ክርክሩ ነገርኳት። ጎሽ፣ አትግፉ በዪ አለች፣ የጌታን እጅ ማን ይገፋል። ታዲያ እናንተ ጤና ጣቢያ የወባ ኪኒን የምትሰጡት ምን ነክቷችሁ ነው፣ ወባውን ማን ላከው አልኳት። ነጠላ ጫማዋን ወረወረችብኝ። ጎንበስ አልኩ። ጫማው ሄዶ የጎረቤት ድመት አገኘ።

ድመቷ ምን አደረገች? ምንም። ያልኩት ይኼንኑ ነው። ጎንበስ ያልኩት እኔ፣ የተመታችው እሷ።

ሰኞ፣ የካቲት 18። ምሳ ሰዓት፣ ካባ

ከላያችን ዝሆኑ አለ። ከምንፈልጥበት በላይ ዳገቱ ላይ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ድንጋይ ነው፣ ስሙን ያወጣንለት እኛ ነን። ስንሠራ ስንሠራ ከሥሩ ያለው አፈር አልቆ አሁን ተንጠልጥሏል። ቅዳሜ የበልግ ዝናብ አካፋ። ዛሬ ጠዋት ከሥሩ እንጥፍጣፊ አፈር ሲወርድ አየን።

ከድር ዛሬውኑ እንልቀቀው አለ። ስድስት ሰው፣ ስድስት ዲጅኖ፣ አለቀ። እኔ አይነካ አልኩ። ክርክሩን እየተለማመድኩ አልነበረም። እሺ፣ ትንሽ እየተለማመድኩ ነበር። ከዝሆኑ በታች ሦስት ነገር አለ። በቀኝ መኪና የሚጫንበት። መሃል ሰውና አህያ የሚያልፍበት መንገድ። በግራ ጅረቱ ዳር የአዴ ጫልቱ ቤት። ከድር ወደ ጅረቱ እንመልሰዋለን ይላል። ድንጋዩ እሺ ብሎሃል አልኩት።

ኦቦ ዳባ ሁለታችንንም ሰሙን። ከዚያ ስለ ጎጆ አወሩ፣ ደጋ ላይ ስላለችው ከተማ። የተወለዱበት፣ ብርዱ ጥርስ የሚያጋጭበት ጎጆ። እዚያ ልጅ ሳሉ እንዲህ ያለ ድንጋይ ነበር፣ ሁሉም ፈርቶ ተወው። አንድ የሐምሌ ጠዋት ራሱ መጣ። በረት ውስጥ ገባ። ኢንተላ ኮ አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ድንጋይ አይጠላሽም አይወድሽም። ካልገፋሽው ቀኑን እሱ ይመርጣል።

ለከድርም አልቀረለት። አንተ ደግሞ አሉት፣ ስትገፋ ወጉን እወቅ።

ወጉን አንተም እወቀው። ከካባችን ድንጋይ ከመለቀቁ በፊት ከላይ ያለው ሦስት ጊዜ ይጮሃል፦ ዳጋን ዱፌ! ድንጋይ መጣ። ከዚያ ይጠብቃል። ከታች በየቦታው ያለው ሰው ይመልሳል፦ ጋድ ዲሲ! ልቀቀው። ከሦስቱም ቦታ መልስ ካልመጣ አይለቀቅም። ቢመሽም። መኪና ቢጠብቅም። ከድር ይኼ ጊዜ ማባከን ነው ይላል። ኦቦ ዳባ ምን አሉ፦ ልቀቀው ካለህ በኋላ ድንጋዩ የሁለታችሁ ነው። ሳይልህ ከገፋኸው የአንተ ብቻ ነው።

ዝሆኑ እስከሚቀጥለው ሳምንት ይቆይ ተባለ። መጀመሪያ በጎኑ ማስያዣ ይደረግለታል።

ረቡዕ፣ የካቲት 20። 11፡30

ቲ.ደ. በከድር በኩል ወረቀት ላከ። ከኢንተርኔት ያተመው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛውን ቆሜ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድንጋዩ ገና ሩቅ ሳለ፣ ብዙ ዓመት ሲቀረው፣ ትንሽ ነካ ቢያደርጉት ይበቃል። ትንሿ ነካ ዓመት በዓመት ላይ ስትደመር ምድርን ታስተዋለች። እስከዚህ ጥሩ። ግን! ሲገፉት የሚወድቅበት ቦታ በአንዴ ከምድር አይወጣም። እየተንሸራተተ ነው የሚሄደው። አንድ አገር ላይ የነበረው ወደ ጎረቤቱ፣ ከጎረቤቱ ወደሚቀጥለው፣ እንዲህ እያለ ነው ጫፍ ላይ ደርሶ የሚወጣው። መሃል ላይ መንኮራኩራቸው ቢበላሽስ? ነዳጅ ቢጨርስስ? ሲጀመር ያልነበረበት ሰው አናት ላይ ቆመ ማለት ነው። ያ ሰው ማነው? ካርታ ስጡኝና ጣቴን ላሳርፍ። ያበጠውን።

ሌላም አለ። ከምድር ማራቅ የቻለ ወደ ምድር ማምጣትም ይችላል። ዲጅኖ ያው ዲጅኖ ነው።

አሪፍ መከራከሪያ አገኘሁ። ግን ልቤ አልረጋም። ይኼን የሰጠኝ ራሱ ነው። ጠላቱን የሚያስታጥቅ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ወይ ሞኝ ነው፣ ወይ ወጥመድ አለው። ሞኝ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሁለት ዓመት አስተምሮኛል።

ሐሙስ፣ የካቲት 21

መስመሩን እየሳትኩ ነው የምጽፈው። ጽሑፌ የእማ ይመስላል።

ጠዋት ከድር አፉ አላረፈም። እሱ አስተማሪሽ ለምን እንደሚለማመጥሽ ታውቂያለሽ አለኝ። ያቋረጡ ልጆችን የመለሰ አስተማሪ ሪፖርት ላይ ስሙ በጥሩ ይጻፋል። እያንዳንዱ የክፍል ኃላፊ መልስ ተብሏል። አንቺ ለሱ አንድ ቁጥር ነሽ አለ። ቀልዱን ነው። እየሳቀ ነው።

እኔ አልሳቅኩም። ጨስኩ። ያልኩት ሁሉ እውነት ሆነ። ቅጹ፣ ክርክሩ፣ ወረቀቱ፣ ለካ ለአንድ መስመር ሪፖርት። ዲጅኖውን አነሳሁ። ከፊቴ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ ድንጋይ ነበር፣ ከሥሩ ሰካሁ። ዳጋን ዱፌ አልኩ። አንዴ። ሦስቴ አይደለም፣ አንዴ፣ እሱንም በጥርሴ መሃል። መልስ አልጠበቅኩም። ገፋሁ።

ሲንከባለል ቲቸር ቲቸር የሚል ድምፅ ሰማሁ። የኦቦ ዳባ።

ቲ.ደ. መሃል መንገዱ ላይ ነበር። ወደኛ እየወጣ። ድንጋዩ አንዴ ነጠረ። ሁለቴ። እሱ ራሱን ወደ ጎን ወረወረ፣ ቦይ ውስጥ። ድንጋዩ የቆመበትን አልፎ ሄደ። ከመሬት ሲነሳ ግራ እጁን በቀኙ ይዞ ነበር፣ ፊቱ እንደ ኖራ።

ሮጬ ወረድኩ። ይቅርታ በማለት ፈንታ ከልብሱ ላይ አፈር አራገፍኩ። እሱ አየኝ ብቻ። ቢጮህብኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

ከድር በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰደው። አንጓው ተሰንጥቋል ተባለ። ጄሶ። ወለሉን የምታጥበው ማናት? እማ። ምን ሆነህ ነው ስትለው ምን እንዳለ ታውቃለህ?

አዳልጦኝ ወደቅኩ አለ።

ለምን?

ሰኞ፣ የካቲት 25። ከሥራ መልስ

ዓርብ ጠዋት ማኅበሩ ሊያባርረኝ ተሰብስቦ ነበር። ከድር ራሱ ጥፋቱ የኔም ነው፣ ነካክቻት ነው አለ። ያልጠበቅኩት። ኦቦ ዳባ ፍርዱን ተናገሩ፦ አትባረርም። ዲጅኖ አትነካም። እስኪበቃት ድረስ ከታች ቆማ ትመልሳለች።

ቅጣቴ ይኼ ነው። ሦስት ቀን ሆነኝ መሃል መንገዱ ላይ ስቆም። ከላይ ዳጋን ዱፌ ሲሉ ሰው አሳልፌ፣ አህያ አሳልፌ፣ ዙሪያዬን አይቼ፣ መንገዱ ዳር ካለው ግንድ ኋላ ገብቼ ጋድ ዲሲ እላለሁ። ከዚያ ብቻ ይመጣል።

ቀላል መስሎኝ ነበር። ከታች ስትሆን አንገትህ አያርፍም። ወፍ ጠጠር ብታወርድ ትዘላለህ። ላይ ያሉት ሲስቁ በኔ ነው የሚስቁት ትላለህ። ሲያንሾካሹኩ የባሰ። ግን ያቺ ጩኸት ስትመጣና ሁሉም አንተን ሲጠብቅ፣ ስድስት ጎረምሳ ዲጅኖ ይዞ ያንተን አፍ ሲጠብቅ፣ ሌላ ነገር ነው። ዛሬ አንዲት አሮጊት አህያቸው ግትር ብላ መንገድ ዘጋች። እምቢ፣ ቆዩ! አልኩ። ቆሙ። አህያዋ እስክትወስን ድረስ ቆሙ። ከድር ከላይ ሆኖ አህያዋም ክርክር ላይ ነች ወይ እያለ ይጮሃል። ግን አልገፋም።

አሁን ልጠይቅህ ደብተር። ኦቦ ዳባ ይኼን የፈረዱብኝ ለቅጣት ነው ወይስ ለሌላ?

ቲ.ደ. ለምን እንደዋሸልኝ አልገባኝም። ዕዳ ሊያስገባኝ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሰው ዝምታው ይከብዳል።

ረቡዕ፣ የካቲት 27። ማታ 12፡20

ሄድኩ። እማ እንቁላል አስያዘችኝ። አዳልጦት ለወደቀ አስተማሪ እንቁላል። ስትሰጠኝ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ታውቃለች።

ቲ.ደ. የሚኖረው የተከራየው ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ነው። በአንድ እጁ ልብስ ሊያጥብ ሲታገል አገኘሁት። ቁጭ ሳልል ጠየቅኩት። ሪፖርት ላይ ልትጽፈኝ ነው? አዎ አለ። ወዲያው! አራት ልጅ መልስ ተብያለሁ፣ አንዷ አንቺ ነሽ አለ። ልወጣ ስነሳ፣ ግን ካባ የመጣሁት ለሱ አይደለም አለኝ።

ጥር ላይ ሃዊ መጥታ እያለቀሰች ነግራዋለች። ከሲፋን የቀዳሁት እኔ ነኝ ብላ። ከጥር! እኔ ጥር ሙሉ ድንጋይ እየፈለጥኩ፣ እሱ እያወቀ። ካባ በሞተር አሥር ደቂቃ አይሆንም አልኩት። አይሆንም አለ። ታዲያ? ምን ብዬ ልምጣ አለ። አፈርኩ አለ። ርዕሱን ሲያገኝ ምክንያት አገኘሁ ብሎ ነው የመጣው። ባለፈው ሐሙስም ይኼንኑ ሊነግረኝ እየወጣ ነበር።

ደብተር፣ ልጮህ ነበር። ሳንባዬን ሞላሁ። ከዚያ ጄሶውን አየሁት።

ህዳር ላይ ክፍሉ ፊት ያን ወረቀት ሲያነሳ አንቺ ነሽ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም ወጥቼ በሩን ስዘጋ ቆዪ ያለኝን አልሰማሁም። ቆዪ ብዬሽ ነበር አለ። ብሎኝ ይሆን? በሩ ድምፅ ነበረው።

ለምን አዳልጦኝ ነው አልክ አልኩት። ማኅበሩ ቢያባርርሽ ወዴት ትሄጃለሽ አለ። ሌላም ጨምሮ፣ ድንጋዩ አልመታኝም እኮ አለ። ስቶኛል።

ልብሱን አጥቤለት ወጣሁ። ይቅርታ አልተባባልንም። አሁንም ሙሉ በሙሉ አላመንኩትም። ግን እንቁላሉን አልመለስኩም።

ዓርብ፣ የካቲት 29። 11፡00

ነገ ክርክር ነው። ችግር አለ። አትግፉ የሚለውን ወገን ይዤ ልቆም ነው የተመዘገብኩት፣ አትግፉ ማለት ግን አልችልም።

አስበው። ዛሬ ጠዋት ዝሆኑን አየነው፣ ማስያዣው ግማሹ ወጥቷል። ደመናው ከጌዶ በኩል ተጠቅልሎ እየመጣ ነው። ዝም ብንለው ቀኑን ራሱ ይመርጣል። ማታም ሊሆን ይችላል፣ አዴ ጫልቱ ተኝተው። ስለዚህ ይገፋ። የሰማዩም ይገፋ። ሩሲያ ላይ መስታወት ነው የረገፈው፣ የሚቀጥለው ቤት ቢሆንስ? እዚህ ቢሆንስ?

ግን ጥርጣሬዬን አልሰጥም። እሷ የኔ ነች። የሚገፋው የማን እጅ ነው? ቢስት ማን ላይ ነው? ያ ሰው ተጠይቋል? እዚህ አምቦ፣ ሻይ ቤት ያለ ሰው በዜና ነው የሚሰማው ወይስ ጋድ ዲሲ ይላል?

ከድር፣ ለዓለም ሕዝብ ሁሉ ማን ይጮሃል፣ መልሱን ማን ይለቅማል አለኝ። የሩሲያን ድንጋይ በአንድ ቀን ሻይ ቤታችን ያደረሰ ቴሌቪዥን ለመጠየቅ ሲሆን ነው የሚጠፋው አልኩት። እሺ አንድ አገር እምቢ ቢልስ አለ። እሷን አላወቅኳትም። አህያዋ እምቢ ስትል ጠበቅናት። ድንጋዩ ሰማይ ላይ ከሆነና ቀኑ እየደረሰ ከሆነስ? ነገ ይኼን ቢጠይቁኝ አላውቅም ነው የምለው። አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት አላውቅም ልል ነው። እኔ!

ቅጹ አሁንም ባዶ ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 30። ጠዋት 5፡10፣ ካባ፣ ዝሆኑ አጠገብ

ቶሎ ቶሎ ነው የምጽፈው። ዘንቧል። ዝሆኑ በአንድ ክንድ ያህል ተንሸራትቷል። ዛሬ ካልተለቀቀ አይጠብቀንም። ኦቦ ዳባ ዲጅኖ መለሱልኝ። ጩኸቱን አንቺ ያዢ አሉ።

ሦስቴ ጮህኩ። ጉሮሮዬ ተቃጠለ። ከመጫኛው ጋድ ዲሲ አሉ። ከመንገዱ ጋድ ዲሲ። ከአዴ ጫልቱ ቤት ዝም።

እንደገና ሦስቴ። ዝም።

ከድር ገበያ ናቸው፣ ቅዳሜ አይደል እንዴ፣ ማን ቤት ይውላል ይላል። ሌሎቹም ይላሉ። ትክክል ሳይሆኑ አይቀሩም። የምንልከው ሰው የለንም፣ ከታች ያሉት መንገዱን ይጠብቃሉ፣ ዲጅኖ የያዘው ሁሉ ከለቀቀ ዝሆኑ ይሄዳል። ደመናው እንደገና እየጠቆረ ነው። አይሆንም አልኩ። መልስ የለም። ከድር ክርክርሽ ያልፍሻል አለ። ይለፈኝ።

ትከሻዬን ለዝሆኑ ሰጥቼ አንተን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬሃለሁ።

5፡25። ቲ.ደ. መጣ። ወደ ክርክሩ ሊወስደኝ፣ በባጃጅ፣ ጄሶውን በነጠላ አንጠልጥሎ። ከመንገዱ ጫፍ ሆኖ ምንድነው የምትጠብቁት አለ። ከላይ ሆኜ ነገርኩት። አዴ ጫልቱ ቤት ሰው ይኑር አይኑር አናውቅም አልኩ።

ወደ ጅረቱ ወረደ። በእግሩ። ከዝሆኑ ሥር ከሥር። የዛሬ ዘጠኝ ቀን ድንጋይ የለቀቅኩበት ሰውዬ፣ አሁን የቤት ያህል ድንጋይ በእጄ ይዤ ሳለ ከሥሬ ሄደ። አንዴ እንኳን ቀና ብሎ አላየም። ዲጅኖዬ ላብ በላብ።

እሱ በር እያንኳኳ ሳለ ቅጹን አወጣሁ። ያቋረጡበት ምክንያት። ጻፍኩ፦ መልስ ሳልጠብቅ ወጣሁ። ስሜን ጻፍኩ። ሕመም አላልኩም። እማ ትቀጣኛለች። መስከረም ላይ እመለሳለሁ።

5፡40። ቤቱ ባዶ ነው ብሎ ጮኸ። ጓሮ ጥጃ ታስሯል አለ። ይፈታዋል፣ በአንድ እጁ፣ ጥጃው ደግሞ እሱን ይጎትተዋል። ከድር እየሳቀ ዲጅኖው ሊያመልጠው። ቀጥ ብለህ ያዝ አልኩት።

አሁን ከጅረቱ ማዶ ናቸው። ቲ.ደ.ና ጥጃው። ቀና ብሎ እያየኝ ነው። ከጎጃም ከመጣ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ኦሮምኛው አሁንም ይሰናከላል። ቢሆንም ጮኸ፣ ሁላችንም ሰማነው፦

ጋድ ዲሲ!

አምኜው እንዳይመስልህ። መልሷል፣ በቃ። ድንጋዩ አሁን የሁለታችን ነው። ከድር ደብተርሽን ወርውሪ እያለ ነው። እሺ። አንዴ ደግሜ ልጩህና። ዳጋን